ለፓርቲው የተናዘዘችው

ማንጠግቦሽ ልጅ አልወለደችም። ባሏ አሻግሬ በሞተ በዓመቱ ወንድሞቹ ከብቶቹን ነድተው ወሰዱና፣ ደባርቅ ዳር ያለችው ቤቷ፣ ጓሮዋና አጥሯ ብቻ ቀሩላት። አጥሩ ላይ አንዲት ሽንቁር ነበረች፤ ሰው ጎንበስ ካለ የምታሳልፍ። ከሽንቁሯ ማዶ የሺወርቅ አለች። ጠዋት እሳት ስትጭር በዚያች፣ ጨው ሲያልቅባት በዚያች፣ ሆዷን ሲብሳትም በዚያች ነው የምትሄደው። ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፤ ተራቸው እንኳ ተከታትሎ ነው የመጣው፣ ጽዋው ከማንጠግቦሽ ቤት ወጥቶ የሺወርቅ ቤት ይገባል።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ለይታ ስሟን መጻፍ ስለቻለች የቀበሌው ሴቶች ጸሐፊ አደረጓት። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ፓርቲው ደባርቅ ላይ ቀይ ሰሌዳ ሰቅሎ ቢሮ ሲከፍት ደግሞ፣ ከጎንደር ከክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ፤ ከጭቁን ሴቶች ዕጩ አባል ይቅረብ የሚል። የቢሮው ሰው ይግዛው ደብዳቤውን ይዞ ቤቷ ድረስ ሄደ።

"እኔ ምን አውቄ?" አለችው።

"መፈረም ያውቁ የለ፣ እትዬ? እዚህ አገር የምትፈርም ጭቁን ሴት ከየት ላምጣ!"

ሳቀችና ፈረመች። እጇንም አንሥታ ለፓርቲው ታማኝ ልትሆን ማለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለስብሰባ ሰው መሐል መቀመጡን ወዳው ነበር። ያ የደባርቅ ነፋስ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያፏጭ ለብቻ መስማት ይከብዳል። ይግዛው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት፦ ዕጩ አባል ቄስ ቤት ሲመላለስ አይታይ። ማኅበሯን ማንም አላስተዋትም፤ ከነፍስ አባቷ ከመምሬ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ግን እግሯ ቀረ።

በዚያው ዓመት የየሺወርቅ ባል ዋሴ ከጦር ግንባር ጠፍቶ መጣ። ቤቱ አድሮ ወደ ጊች ወጣ፤ አጎቱ እዚያ ገብስ ያርሳል። የሺወርቅን የቀበሌው ዓይን ስለሚከተላት ስንቁን ያደረሰችው ማንጠግቦሽ ናት። ተዝካር አለብኝ ብላ በቅሎ ተከራየች፤ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ የሺወርቅ ፈትላ ያሠራችውን ባለ ጥቁር ጥለት ጋቢ ጫነች። ዋሴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አሸተተውና፣ "ቤቴ ቤቴ ይሸታል" አላት።

ስትመለስ ግን መሐላዋ ከነከናት። ታማኝ እሆናለሁ ብላ ምላለች፤ የከዳ ወታደር መግባለች። ማለዳ ማለዳ አፏ ይመራታል። የነፍስ አባቷ ዘንድ እንዳትሄድ ተከልክላለች።

አንድ ማክሰኞ ይግዛው ነገራት፦ "በሚቀጥለው ከክፍለ ሀገር ጓድ ይመጣል፤ ግለ ሂስ አለ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ያጠፋነውን ራሳችን እየተነሣን እንናገራለን። ፓርቲው መክሮ ያርመናል።"

"ወደ ውጭ አይወጣም?"

"የፓርቲ ምሥጢር እኮ ነው፣ እትዬ! ማን ያወጣዋል?"

ማንጠግቦሽ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሌላ ስም አወጡለት እንጂ ኑዛዜ ነው። በቀኑ እህል ሳትቀምስ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ሄደች።

ከጎንደር የመጣው ጓድ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነበር። አንዱ ተነሥቶ ስብሰባ አርፍጃለሁ አለ። ሌላው ጋዜጣ በደንብ አላነበብኩም አለ። የመጋዘኑ ሹም ያርጋል፣ ጉቦኛነቱን አገር የሚያውቀው፣ "ሥራ ስለማበዛ ጤናዬን በድያለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ አዘነችለት። ኑዛዜ ላይ ቆሞ ማጭበርበር!

ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። ከመማሏ ጀምራ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ በቅሎውን፣ ድርቆሹን፣ ጊችን፣ የየሺወርቅን ባል። እሷ ሸክሟ ቀለል አላት፤ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። የሚናገራት ሲጠፋ፣

"ስንት ስግደት ይታዘዝልኝ?" አለች።

ያርጋል ሳቁ አመለጠው። ይግዛው ጫማውን ያያል። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ብዕሩን አንሥቶ፣ "የአጎቱ ስም ማን ነበር ያሉን?" አላት። ይህን ጊዜ ነው ቀና ብላ ብዕሩን ያየችው።

በአራተኛው ቀን ዋሴን የፊጥኝ አስረው አወረዱት። ያንን ባለ ጥቁር ጥለት ጋቢ እንደ ለበሰ በመኪና ጭነው በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ወደ ጎንደር ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። ለማንጠግቦሽ ተጨበጨበላት፤ የአባልነት ደብተር ተሰጣት። ምሥጢሩም እንደ ተባለው ተጠበቀ። ጥቆማው የማን እንደ ሆነ ከቢሮው ውጭ ማንም አላወቀም።

የሺወርቅ በሽንቁሯ መጥታ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። "ማነው የበላኝ? ንገሪኝ እስቲ፣ ማነው የበላኝ?" ማንጠግቦሽ ጀርባዋን ትደባብሳለች። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አለቀሱ፤ አንዷ እያወቀች፣ አንዷ ሳታውቅ።

በመጨረሻ ያዩኛል አያዩኝም ሳትል መምሬ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄደች።

"ይፍቱኝ አባቴ" አለች ሁሉን ተናግራ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ግን የበደልሻት አጥርሽ ማዶ ናት፤ ለሷ ንገሪያት።"

"ካጣኋትስ? ከሷ ሌላ ማን አለኝ?"

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟት።

ዝም ብትል ነገሩ ተደብቆ ይቀራል፤ ይህን ታውቃለች። ጎንበስ ብላ በሽንቁሯ አለፈች። የሺወርቅ ምስር ትለቅማለች። ነገረቻት። የሺወርቅ የያዘችውን እፍኝ ለቅማ ጨረሰችና ቀና ሳትል፣

"ውጪ" አለቻት። "በበሩ።"

በማግስቱ ሽንቁሯ በቀጋ እሾህ ተደፍና ነበር።

የማኅበሩ ተራ የማንጠግቦሽ በሆነበት በሃያ አንድ ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። የሺወርቅ ለማንም አልተናገረችም። በበር ዞራ፣ ከሁሉ ኋላ ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ጠላው ተጠጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ለተረኛዋ የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። የሺወርቅ የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ አልብሳ ተቀበለች፤ የማንጠግቦሽ ጣት እንዳይነካት። ሴቶቹ እልል አሉ።

ማንጠግቦሽ ጽዋውን መልቀቅ አቃታት።

"ልቀቂው" አለች የሺወርቅ በሹክሹክታ። "የእመቤቴ ነው።"

"በሃያ አንድ… ልምጣ?"

"ማኅበርተኛ አይደለሽም? ማን ይከለክልሻል?"

በወሩ ማንጠግቦሽ ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን ለበሰች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጓሮው በር ሄደና ተመለሰ። በደጁ ወጣች፤ በአጥሩ ዳር ቁልቁል ወርዳ ዋናውን መንገድ ያዘች። ነፋሱ የፓርቲውን ቀይ ሰሌዳ ያንገጫግጨዋል። ይግዛው ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ይህን መንገድ ይዘው ወዴት ነው?"

"ጎረቤቴ ቤት" አለችውና ሳትቆም አለፈች።