የሻይ ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ

ባለፈው ሰሞን ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ሰፈር ባለው ቤቴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ልጄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ፣ «ማሚ፣ ስለ ቦስተን ቲ ፓርቲ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የአሜሪካን ታሪክ መርጣ ትማራለች። መምህሯ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመን ዋና ዋና መታጠፊያዎች አጥንታችሁ ኑ ብሏቸዋል። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ዓይኔ ውስጥ ለሞላው እንባ በሽንኩርቱ አላመካኝም፤ ንዴት ነበር።

ቶሮንቶ የመጣሁት በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አባቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ነው። ገና ድክ ድክ ስል አገር ጥሎ የወጣ ሰው ስለሆነ የማውቀው በፎቶና በበዓል ስልክ ብቻ ነበር። ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ኖርን፤ እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት። ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጫቀጫል። ሰው የገዛ አባቱን «እርስዎ» እያለ ሲኖር ምን እንደሚመስል የማያውቅ አይፍረድብኝ። «ጠገብሽ?» ይለኛል። «ጠግቤአለሁ፣ እርስዎ ይብሉ።» በቃ፣ ጨዋታችን ይኸው ነበር። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት አባት አገኛለሁ ብዬ ነው፤ ያገኘሁት ግን ደግ አከራይ ነበር።

የሚሠራው ዳቦ ፋብሪካ ነው። ማለዳ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ጃኬቱ እርሾ እርሾ ይሸታል። ፓስታ ይቀቅላል፣ የታሸገ ቲማቲም በበርበሬ ያቁላላል፣ ዝም ብለን እንበላለን። ያሳደገችኝ አክስቴ ስለ እሱ አንድ ነገር ብቻ ነግራኛለች፤ በደርግ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በፓርቲ ጉዳይ ታስሮ ነበር። ምን አድርጎ? «እሱን ራሱን ጠይቂው» ትላለች። አንቱ የሚሉትን ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠይቁታል?

ያቀራረበን፣ ይገርማል፣ የአሜሪካ ታሪክ ነው። በረዶና ዝናብ የተደባለቀበት ኅዳር ነበር። መምህራችን የታሪኩን መታጠፊያዎች ስም ጽፎ አደለን፤ አንዱን መርጣችሁ ለክፍሉ አስረዱ፣ አለን። ለዩኒቨርሲቲ በሚያበቃው ክፍል መቆየቴም በዚያ ሥራ እንደሚወሰን ለብቻዬ ነገረኝ። እንግሊዝኛዬ ገና ይንገዳገዳል። መጽሐፉን ይዤ ሳሎን ስገባ አባቴ መነጽሩን አደረገና ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቲ ፓርቲ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ፓርቲ ናት» አለ።

«ግብዣ አይደለም እንዴ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ግብዣ በትልቅ ፊደል ይጻፋል? የድርጅት ስም ነው።» መጽሐፉን ገልጦ አነበበ። ሰዎቹ ተማክረው፣ መልካቸውን ለውጠው፣ በጨለማ መርከብ ላይ ወጥተው የንጉሡን ቀረጥ አንከፍልም ብለው ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፉት፤ ማን እንዳደረገውም ትንፍሽ ያለ የለም። «አየሽ? ይሄ ያለ ህዋስ፣ ያለ ማዕከላዊ ኮሚቴ አይሆንም። እኔን ጠይቂኝ።»

ጠየቅኩት። ያን ሰሞን ፓስታው እየቀዘቀዘ አወራን። ቦስተን ብሎ ይጀምርና ሳያውቀው አራት ኪሎ ይገባል። በራሪ ወረቀት ጫማ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ፣ ጓደኛን በእውነተኛ ስሙ መጥራት እንዴት ክልክል እንደነበር ይነግረኛል። አንድ ቀን ሳላስበው፣ «የአንተስ የድብቅ ስምህ ማን ነበር?» አልኩት። አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን ፊቱ በራ።

«መጀመሪያ ሥራሽን ጨርሺ። ከዚያ ስሜንም፣ ለምን እንደያዙኝም፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አለኝ።

ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። የሻይ ፓርቲ በቦስተን የተቋቋመ ኅቡዕ ድርጅት መሆኑን፣ አባላቱ በህዋስ መደራጀታቸውን፣ ሻዩ እንዲደፋ የወሰነው ማዕከላዊ ኮሚቴው መሆኑን። ከኋላ አንዱ ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። መምህሩ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። «ከአባቴ» አልኩ። የባሰ ሳቁ። በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ከዚያ ነገር ጀርባ በእርግጥ በምስጢር የተደራጁ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣለት። አባቴ የሳተው ስሙን ብቻ ነበር። ያን ለማየት ግን ማንም አልደከመም።

ወላጅ ይምጣ ተባለ። አባቴ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። የተማሪዎች አማካሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላቴ መፍጠሬ ትምህርቱ እንደከበደኝ ያሳያል አለ፤ ቀለል ያለው ክፍል እንደሚሻለኝም ነገረን። አባቴ እንደ ተማሪ እጁን አነሳ።

«ሰር፣ ልጄ አልፈጠረችም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለ በዚያች የፋብሪካ እንግሊዝኛው። «ፓርቲ አውቃለሁ። አይ ዋዝ ኢን ፕሪዝን ፎር ፓርቲ።»

ሰውየው ሳቀ። ክፋት እንኳ የለበትም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። «መቼም ቀውጢ ፓርቲ ነበር ማለት ነው» አለ።

አባቴም አብሮት ሳቀ፤ የተግባቡ መስሎት፣ ከልቡ። «ፖለቲካል ፓርቲ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሰውየው «ኦ» አለና ትንሽ ቀላ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሳቁ ከአባቴ ፊት ላይ ሲወርድ አየሁ። ክፍሌም ተቀየረ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ወርደን በረዷማው መንገድ ላይ ስንሄድ፣ «ጭፈራ ቤት ሰክሬ የታሰርኩ ነው የመሰለው፣ አይደል?» አለኝ።

«አልገባውም እኮ፣ አባዬ።»

«እሱ ምን ያድርግ። የሞቱትን ጓደኞቼን መሳቂያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።»

ራት ላይ፣ «እነግርሻለሁ ብለኸኝ ነበር» አልኩት። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለ። በማግስቱም እንዲሁ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጋው። እኔም ቀስ በቀስ ወደ «እርስዎ» ተመለስኩ፤ እሱም ተው አላለኝም። ትምህርቱስ ይካካሳል፤ ዞሬ ዞሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። አባቴ ግን ከዓመታት በኋላ ልቡ ድንገት ቆሞ ሲያርፍ ሁሉንም ይዞት ሄደ። አክስቴም ቀድማው ነበር። ለቅሶ የመጡት የፋብሪካ ባልደረቦቹ ዝምተኛ ሰው ነበር ይላሉ። ዝምተኛ አልነበረም፤ እኔ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። ቀውጢ ፓርቲ የሚለው ላይ ስደርስ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። አልተቆጣኋትም፤ የተሳቀበት የገዛ አባቱ ያልሆነ ሰው ይስቃል። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ፣ «ሶ፣ ግራንድፓ ምን አድርጎ ነው ፕሪዝን የገባው?» አለችኝ።

የቦስተኖቹን ብትጠይቀኝ ከቀረጡ ጀምሬ እስከ መጨረሻው የሻይ ሣጥን እነግራት ነበር፤ የእነሱ ተጽፎላቸዋል።

«አላውቅም» አልኳት።

ደግማ ጠየቀችኝ፤ የደበቅኳት መስሏት።