ለጠጠሩ የሚሆን

ሞጣ ወንድሜ ቤት ስደርስ አራት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ሦስቱ ከግቢው ውስጥ፣ አንዷ ከውጭ። ታላቅ ወንድሜ፣ የቅኔ መምህሩ፣ በረንዳው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሚስታቸው ከምሰሶው አጠገብ ማንቆርቆሪያና ኩባያ ይዘዋል። ጎረቤታቸው ጡረተኛው ድሬሰር ለእኔ ከተዘጋጀው በርጩማ ጎን ናቸው፤ የደም ግፊት መለኪያቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። አራተኛዋ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ብስክሌት ይዛ ቆማለች። እኔ ከቢቸና የመጣሁት እሷን ፍለጋ ነው።

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከቢቸና ወጥቶ ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ አስፋልቱ ሲያልቅ ያወርዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው፣ በእግሯ ትሄዳለች። ሞተር የነበራቸው ባልደረቦቿም ቤንዚን ሲጠፋ ሞተራቸውን አቁመዋል። ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት ልጄ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ደረሰች፤ ለእናትየዋ እንጂ ለሕፃኑ አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች። መሳቢያዋ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ማየቴን አልነገርኳትም። «ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ» ስትል ለምን እንደሆነ ገባኝ። እሷ ከሄደች እኔ ቢቸና ብቻዬን ነኝ።

ሞጣ የምታስተምር አንዲት የስፖርት መምህርት ወደ አገሯ ወደ አሰላ ልትዛወር እንደሆነ፣ ለኮረኮንች የተሠራ ብስክሌቷንም እንደምትሸጥ ከልጄ ጓደኛ ሰማሁ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የባሕር ዳር መኪና ትሳፈራለች። ካልደረስኩላት እዚያ ሌላ ገዢ አላት። ወንድሜ ግቢ ልትጠብቀኝ ተስማማን። ለልጄ አልነገርኳትም።

ለወንድሜ ግን ስልክ ደወልኩ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ልጄ የአጎቷን ቃል አታልፍም፤ እሳቸው «አይሆንም» ካሉ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፣ ማመልከቻው ይሄዳል። ስለዚህ ቀርቤ ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ስልኩ ይቆራረጣል። እኔም ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ የሰው ቃል ብዙ ስለተየብኩ ይሆናል፣ የራሴን አሳጥራለሁ። «ለጠጠሩ የሚሆን ሞጣ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው። እሳቸው የሰሙት የኩላሊት ጠጠር ነው።

መምህርቷን ሰላም ሳልላት ድሬሰሩ ከበሩ ተቀብለው ወደ በርጩማው ወሰዱኝ። «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ!» አሉ ወንድሜ ከበረንዳው። «ምነው በእግርሽ? ባጃጅ ጠፋ?»

«ደህና ነኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«‹ደህና ነኝ› የበሽተኛ ሁሉ ቃል ነው» አሉ ድሬሰሩ። ክንዴን ይዘው ጨርቁን ጠመጠሙት። «ከጎን ነው ወይስ ከጀርባ የሚወጋዎት?»

«የሚወጋኝ የለም። ውጭ የቆመችው ልጅ…»

«እሷን እኔ ነኝ የከለከልኳት፣ እትዬ» አሉ የወንድሜ ሚስት። «‹በሽተኛ እየጠበቅን ነው፣ ዛሬ ግብይት የለም› ብላት እምቢ አለች። ድርቅናዋ!»

ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። በአጥሩ ክፍተት የብስክሌቱ የፊት ጎማ ይታየኛል፤ ወደ ፊት ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል። ልነሳ ስል ድሬሰሩ «ሲንቀሳቀሱ ያዛባል» ብለው መልሰው አስቀመጡኝ። ጨርቁ ክንዴን ጨመቀ፤ እግሬ መሬቱን ይመታል።

«ከፍ ብሏል» አሉ።

«ከፍ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ለሦስት ቀን ጸበል ትገቢያለሽ» አሉ ወንድሜ። «ተናግሬልሻለሁ። ቤትም ምግብ አልተሠራም፤ በባዶ ሆድሽ ነው የምትጠመቂው። እስከዚያ የገብስ ውኃውን ጠጪ፣ ጠጠር ያወርዳል።»

የፊት ጎማው ከክፍተቱ ጠፋ። ጨርቁን ራሴ ፈታሁት።

«የኩላሊት አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። የመንገድ ጠጠር ነው ያልኩዎት። ለልጄ ብስክሌት ልገዛ ነው የመጣሁት።»

መጀመሪያ የሳቁት ድሬሰሩ ናቸው። «የኔታ! ተማሪዎ እንዲህ አድርጎ ቢፈታ ከጉባኤ ያስወጡት ነበር!»

«ዝም በል አንተ» አሉ ወንድሜ። ከዚያም «ሰሙን ይዤ ወርቁ አመለጠኝ» አሉ፤ ግን አልሳቁም።

እኔ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። መምህርቷ አልሄደችም፤ ብስክሌቱን ወደ ጥላ አዙራው ነው። አስገባኋት።

«እማማ፣ መኪናዬ ሊሄድ ነው» አለችኝና ቶሎ ቶሎ አሳየችኝ። ጎማው ከአስፋልት ብስክሌት ይሰፋል፤ ጠጠር ላይ አይንሸራተትም። ከተራራ ብስክሌት ደግሞ ይቀላል፣ ዳገት ላይ ነፍስ አያወጣም። «ጎማውን አታክርሩት፣ ለስለስ ሲል ነው ድንጋዩን የሚችለው። ከኋላ ቦርሳ ይጫናል። ጭቃ ከበዛ በትከሻ ነው።» ልጄ በእግሯ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትሄደውን በግማሽ ሰዓት እንደምትደርስበት ነገረችኝ። ለቤንዚን እንደማይሰለፍ፣ ሰው እስኪሞላም እንደማይጠብቅ ለራሴ ጨመርኩበት።

ወንድሜ ከበረንዳው ወርደው እጀታውን አዩት። ወደ ታች ቆልመም ያለ ነው።

«ይህ ቀንዱ ምንድን ነው? በግ ነው የምትገዢው?»

«ሙክት ነው እንጂ!» አሉ ድሬሰሩ።

«በግ ቢሆን እዚሁ ታርዶ ይቀር ነበር» አልኩ።

«የጨዋ ልጅ ሆና፣ ሴት ልጅ፣ ከዚህ ላይ ጎንበስ ብላ በሰው ፊት ልታልፍ? ‹የየኔታ የእህት ልጅ ናት› ነው የሚባለው።»

መምህርቷ ሰዓቷን አየች። የምናገረውን ሁሉ በመንገድ አዘጋጅቼው ነበር፤ ያኔ ግን ጠፋኝ። የወላዷን ነገር ነገርኳቸው። ልጄ በእግሯ ስትደርስ ሕፃኑ በነጠላ ተጠቅልሎ እንደነበር፤ የዝውውር ማመልከቻው ተጽፎ ሰኞ እንደሚገባ። ሌላ አልጨመርኩም።

ወንድሜ መቋሚያቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው ብስክሌቱን በአንድ እጃቸው ከመሬት አነሡት፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ቀላል ነው» አሉ።

«ለዚያ ነው የኔታ፣ በትከሻ የሚያዘው» አለች መምህርቷ።

«በመንገዷ ቤተ ክርስቲያን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለ።»

«እኔ በበቅሎ ስሄድ ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ወርጄ፣ ተሳልሜ ነው የማልፈው። እሷም ትውረድ። እኔ ብያለሁ በያት።»

ለመምህርቷ ከፈልኳት። ጉንጬን ስማኝ ወደ መናኸሪያው ሮጠች። እኔም የቢቸናው መኪና ሳይሞላ መድረስ፣ ብስክሌቱንም ከላይ ማስጫን ነበረብኝ። እህል ስላልተሠራ «ሳትቀምሺ አትሄጂም» የሚለኝ አልነበረም።

የወንድሜ ሚስት ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ነበሩ። «ከጠዋት ጀምሬ የቀቀልኩትን ልድፋው እንግዲህ?»

ኩባያውን ተቀብዬ ቆሜ ጠጣሁት። ሁለተኛም ቀዱልኝ፤ እሱንም ጠጣሁት። ኩባያውን መለስኩላቸው፣ የወንድሜን ጉልበት ሳምኩ፣ ብስክሌቱን በቀንዱ ይዤ ወጣሁ።