በቀን የተዘጋ በር

ከአገር የወጣሁ ዕለት አባቴ ከጉና ሥር እስከ ገሳይ ከተማ በበቅሎ ሸኙኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኔ በቅሎዋ ላይ፣ እሳቸው በእግራቸው። አውቶቡሱ ሲመጣ «በይ፣ ባሕር እንዳትጠጊ» አሉኝ። እንጀራዬ ከዚያው ከባሕር እንደሚሆን በምን ይወቁት?

የመንገዱን ስቃይ ስንቱ ጽፎታል፣ ልተወው። ኖርዌይ፣ አንዲት ነፋሻ የወደብ ከተማ ደረስኩ። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ የኛ ሐምሌ ነው፤ «እንዴት አደርሽ» የሚል ግን የለም። ሥራዬ ቤተ ሙከራ ማጽዳትና «ብሎሼል» የሚሏቸውን፣ በሁለት ጥቁር ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ የባሕር ፍጥረታት መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሳምንት አለቃዬ ኢንግሪድ «የሞቱትን ለቅመሽ ጣይ» ብትለኝ፣ የተዘጉትን ባልዲ ሙሉ ጣልኩ። እኛ ዘንድ በቀን በሩ የተዘጋ ቤት ሰው የለበትም።

«ምን ጉድ ነው የሠራሽው? የተዘጉትማ ደህናዎቹ ናቸው! ሲነኩት የማይዘጋው ነው የሞተው!»

«አፉን ከፍቶ ሳየው የሳቀ መስሎኝ።»

«ብሎሼል ይስቃል እንዴ?»

እናንተስ መቼ ትስቃላችሁ ልላት ነበር፤ ዋጥኩት።

በኋላ አሳየችኝ። ቅርፊቱ ላይ የልብ ምት የሚያነብ ሽቦ ለጥፈው ውሃውን ያሞቁታል። መጀመሪያ ልቡ ይሮጣል። ሲብስበት ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ ልቡ ቀስ ይላል፣ ውስጡ ባለው ስንቅ ያለ አየር ይቆያል።

«እስከ መቼ?»

«ክፉው እስኪያልፍ። ወይም ስንቁ እስኪያልቅ።»

እኔም ቤት ስደውል እንዲሁ ነኝ፤ ታምሜም፣ አልቅሼም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

አባባ ከታመሙ ወዲህ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ሦስት እሑድ ሙሉ ስልኩን ያነሳው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ነው።

«አባባን አገናኘኝ።»

«ጠበል ናቸው።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም። ደህና ናቸው፣ አታስቢ።»

ከኋላው የሴት ድምፅ ገባ፦ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ።» ደሳለኝ ስልኩን በእጁ ሸፈነ መሰለኝ፣ ጭር አለ።

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተልኮ፣ አጠገብ ተቀምጦ ነው። እዚህ ማንን ይላኩ? ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ግጥም አደረግኩት።

«እህት ዓለም፣ አለሽ?»

«አለሁ። ከጠበል ሲመለሱ ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ማናችን ቀድመን እንደዘጋን አላውቅም።