የጋሽ ፍሥሐ መኪኖችና የአልዩ አምባ ቁልቁለት

ጋሽ ፍሥሐ ወልደኪዳን ስለ ዕድሜያቸው ሲጠየቁ በዓመተ ምሕረት መልሰው አያውቁም። «በላንድሮቨሯ ጊዜ አገባሁ፣ በፔጆው ጊዜ ሰብለ ተወለደች፣ በሃይሉክሱ ጊዜ አባቴን ቀበርኩ» ይላሉ፤ የቀረውን ጠያቂው ራሱ ደምሮ ይድረስበት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ሲመላለሱ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። በዚያ መንገድ የሚኖር ሰው መኪናቸውን በድምፅ ይለያል፤ እሳቸውን ግን ከመሪ ውጭ ያያቸው ጥቂት ነው።

እንዴት ሾፌር ሆኑ ብትሉ፣ ነገሩ የጀመረው በቅዳሴ ሰዓት ነው። አባታቸው መምሬ ወልደኪዳን አንኮበር ላይ የደብር አገልጋይ ነበሩ፤ ልጃቸውም ዳዊት ደግሞ ለድቁና ሊላክ ምንም አልቀረውም። ታዲያ በአንድ የንግሥ በዓል ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ላንድሮቨሩን ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ ይገባል። ልጅ ፍሥሐን «ይህን ሁሉ ጎማ የሚያዞረው ምኑ ነው?» የምትል ጥያቄ ትበላዋለች። ሾልኮ ወጥቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር፤ ነጭ ነጠላው ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። መምሬ ጎትተው አወጡትና ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። አንድ ዘንግ ከፊት መጥቶ ከኋላ እንደሚገባ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ግን እንደማይታይ በቁም ነገር አስረዳቸው። የድቁናው ነገር በዚያው ቀረ።

ይህ የማየት አባዜ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። የመጀመሪያዋን ላንድሮቨር ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ገዝተው ሲያመጡ፣ በወጉ ሳይነዷት ፈቷት። ሙሽራቸው አመተ ማርያም ከእናቷ ቤት ስትመለስ ካምቢዮው ተበታትኖ አዲሱ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ሌላ ሴት ብትሆን ዕቃዋን ጠቅልላ ትሄድ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ትል ጀመር። ተገጣጥሞ ሲያልቅ አንድ ብሎን ተርፎ ነበር፤ የት እንደነበረ ግን ሁለቱም እስከ ዛሬ አያውቁም። መኪናዋ ግን ሄደች፣ ያውም ስንት ዓመት!

ከላንድሮቨሯ በኋላ ፔጆ መጣ፣ ከፔጆው በኋላ ሃይሉክስ፣ ከሃይሉክሱ በኋላ «አባዱላ» የሚባለው ጣሪያ ረጅሙ ሚኒባስ። ፔጆው ለስላሳ ነበር፣ ቄስና ምስር ጭኖ ያንኮራፋ ነበር ይላሉ፤ ሃይሉክሱ ጭቃ የማይፈራ ኩሩ፤ አባዱላው ደግሞ ሰው የማይጠግብ። ጠባያቸው የተለያየ ቢሆንም ሁሉም አንድ ሕግ ነበራቸው። ቁልቁለት በፎሌ ይወረዳል። ከአንኮበር ጫፍ ላይ ማርሹን ነፃ ያወጡና መኪናውን ይለቁታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው ተራራው ነው። ተራራ በነፃ ሲነዳ ቤንዚን ማቃጠል ምን የሚሉት ጅልነት ነው? ፍሬኑ ሲሸት ዳር ይዘው ይቆማሉ፣ ውሃ ያፈሱበታል፣ እንደገና ይለቁታል። ይህን የሚሰማ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ራሱን ይስታል። የእኛ አገር ሾፌር ግን ተሳፋሪውን እያሳቀ በፎሌ አልዩ አምባ ካልገባ ሾፌር ተብሎም አይቆጠርም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። ቤንዚን ጠፋ። አባዱላው ከሚሄድበት ቀን ማደያ ተሰልፎ የሚቆምበት ቀን በለጠ፤ በመጨረሻም ተሸጠ። ጋሽ ፍሥሐ እቤት ዋሉ። መጀመሪያ የበሩን ማጠፊያ ፈቱ፤ ቀጥለው የውሃ ቧንቧውን፤ ከዚያ የአመተ ማርያምን ምድጃ። በሦስተኛው ላይ አመተ ማርያም ልጇን ሰብለን ጠርታ፣ አባትሽን መሪ አስይዥልኝ፣ አለዚያ ቤቱን በላያችን ላይ ይፈታዋል አለቻት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ጋሽ ፍሥሐ መሪ ካልያዙ ማን እንደሆኑ ራሳቸውም አያውቁትም፤ ጠዋት ጠዋት ጃኬታቸውን ለብሰው ግቢው መሃል ይቆማሉ፣ የሚሄዱበት ግን የለም።

ሰብለ ቆራጥ ናት። የልብስ ሱቋን ዘጋችና ከአዲስ አበባ አንዲት በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ትንሽ ያገለገለች የቻይና ቫን ይዛ መጣች። ሐሳቧ የአባቷን መስመር መያዝ ነው፦ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ አልዩ አምባ። ሻጩ ሳምንት ሰጥቷታል፤ መንገዱን ካልቻለችው መልሶ ይረከባል። ሰብለ ለአባቷ ሁሉንም በግልጽ ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ይችን ሳምንት ንዳት። ከተስማማችሁ መሪው ያንተ ነው። ካልሆነ ግን አንተነህን እቀጥራለሁ፤ ቅር እንዳይልህ።»

አንተነህ የጎረቤት ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና አዲስ አበባ ላይ ነድቷል። ጋሽ ፍሥሐ ቅር አይለኝም አሉ። ውሸታቸውን ነው።

በእነሱ ቤት አዲስ መኪና ሲገባ ሞተሩ ላይ ጠበል ይረጫል። እስከ ሃይሉክሱ ያሉትን የረጩት መምሬ ወልደኪዳን ነበሩ። እሳቸው ስለሌሉ የሰፈሩ ቄስ መምሬ ኪዳነወልድ ጠበላቸውን ይዘው መጡና ኮፈኑ ይከፈትልኝ አሉ። ተከፈተ። ከሥሩ የመስታወት ማጠቢያ ውሃና አንድ የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው ያለው። መምሬ ዙሪያውን አይተው ሞተሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ጋሽ ፍሥሐ፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው አሉ። ሁለት ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ሲፈልጉ ቆዩ። ሰብለ በበኩሏ ኤሌክትሪክ ነውና እባካችሁ አታፍስሱበት እያለች ትለምናለች። በመጨረሻ መምሬ፣ እንግዲህ ካለበት ይድረሰው ብለው አራቱን ጎማና ጋሽ ፍሥሐን ረጩ። ጋሽ ፍሥሐ ወዲያው ካቻቢቴ ሊያመጡ ገቡ። ሰብለ ግን ቀድማ ደብቃዋለች፤ አንድ ብሎን ከተነካ ሻጩ መኪናዋን አይቀበልም።

ሻጩ ሌላም ነገር ነግሯት ነበር። ቁልቁለት ላይ ባትሪው ራሱን ይሞላል ብሏታል። ጋሽ ፍሥሐ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። መኪና ወርዶ ነዳጅ የሚጨምር ከሆነ ውሃም ሽቅብ ይፈስሳል አሉ። ሻጭ የማይለው ነገር የለም።

በገበያው ቀን ሰው ሞልተው ወጡ። ሌሊት መብራት ስለጠፋ ባትሪው ግማሽ ብቻ ነበር፤ ሰብለ ግን ቁልቁለቱ ይመልሳል ብላ ተማምናለች። እሷ ከኋላ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተቀምጣ ረዳት ሆነች። ሜዳው ላይ መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ጋሽ ፍሥሐ ደጋግመው የቆመች እየመሰላቸው ጎማውን ያያሉ። ከአንኮበር ቁልቁል ሲጀምሩ ግን ነገር መጣ። እግራቸውን ከነዳጁ ሲያነሱ ከኋላ ሰው ይዞ የሚጎትታት ይመስል ትከብዳለች። አንድ ሁለቴ ተነጫነጩ። ከዚያ በኋላ ቀለል አለች፣ እንደ ወፍ ወረደች፤ ተሳፋሪውም ተጫወተ፣ እሳቸውም የድሮ ወጋቸውን ቀጠሉ። አልዩ አምባ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ ያለውን የባትሪ ቁጥር አዩ። ጫፍ ላይ የነበረው ነው፤ አንዲት አልጨመረም።

«ይሞላል ያልሽኝ የታል?» አሏት ሰብለን፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

ድሉ ብዙ አልቆየም። ሲመለሱ ከነጭነታቸው ዳገቱን እየወጡ፣ ጉሙ መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ ሰሌዳው ቀይ በራ። መኪናዋ መጀመሪያ አዘገመች፣ ቀጥሎ ቆመች። አንኮበር እዚያው ማዶ ነው። ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ በእግራቸው ወጡ፤ አንዷ ነጋዴ ለሰብለ አዝና የራሷን ፎጣ አለበሰቻት። ቫኗ በአይሱዙ ተጎትታ አንኮበር ገባች፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክታ አደረች።

ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ሰብለ አላለቀሰችም፤ ቁጭ ብላ ወጪዋን ደመረች። በማግስቱ ወሰነች። መኪናዋ መንገዱን አልቻለችም፤ ትመለሳለች። በምትኩ አንድ አሮጌ አባዱላ ይገዛል፣ ቤንዚኑም እንደፈረደባቸው ይሰለፉለታል፣ የሚነዳውም አባቷ ነው።

እንግዲህ ጋሽ ፍሥሐ ምን ጎደላቸው? የለመዱት መኪና፣ የለመዱት መሪ። አንተነህም የለ፣ ምንም የለ። ዝም ብለው ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ግን ያች የልጅነት ጥያቄ እንደገና በላቻቸው። ሻጩ ዋሸ፣ ይሁን። ታዲያ ለምንድን ነው ከኋላ የሚይዛት? መኪናን ቁልቁለት ላይ የሚይዝ ነገር በከንቱ አይይዝም፤ የያዘውን አንድ ቦታ ይወስደዋል። የት ነው የሚወስደው?

ቁልፉን አንስተው ብቻቸውን ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ያዙ። ቀስ ብለው ለቀቋት። ሰሌዳው ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ። አጭሯን ማርሽ ነፃ አወጧት፤ መስመሩ ጠፋ። መለሷት፤ መስመሩ መጣ፦ የምትይዘውን ወደ ባትሪው የምትወስደው ማርሽ ላይ ስትሆን ነው። ወጥተው ወረዱ፣ ወጥተው ወረዱ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ቆመው እስኪያዩአቸው ድረስ አደረጉት። መኪናዋን ወንዙ ዳር አቁመው መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። በገበያው ቀን ማርሹን ያወጡበትን ቅጽበት አስታውሰው ሊያገኙት ሞከሩ፤ አልተገኘም። ግን ከእሳቸው ሌላ ማን ሊያወጣው ይችላል? አንኮበር ላይ ማርሽ ማውጣት ለእሳቸው እንደ መተንፈስ ነው። አፈሩ፤ በጣም አፈሩ። ቢናገሩ አንተነህ ይቀጠራል። ዝም ቢሉ ሰብለ ሱቋን የዘጋችለትን ነገር በእሳቸው እጅ ጥፋት ትመልሳለች፣ ዕድሜዋንም ሁሉ ማደያ ትሰለፋለች።

እቤት ሲገቡ ሰብለ የመኪናዋን ውስጥ ልታጸዳ መጥረጊያ ይዛ ትጠብቃለች።

«ሰብለ፣ መኪናዋ አልዋሸችም» አሉ። «በፎሌ ያወረድኳት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። ዝም ብትል እኮ አባዱላው ይገዛልህ ነበር አለቻቸው። ጋሽ ፍሥሐ ያንን እንደሚያውቁ ነገሯት፤ ግን አንድ ጊዜ እስከ ታች ሲሞላ ሳያዩ እንዴት ብለው ይተውታል? እንዳይረሱ ይጠነቀቃሉ፤ አንድ ዕድል ትስጣቸው።

ሰጠቻቸው። በበነጋው ያለ ተሳፋሪ ወጡ፤ ሰብለ አሁን ከፊት፣ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ከአንኮበር ጫፍ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት፦ አርባ አንድ። ወረዱ። መኪናዋ ያዝ እያደረገች፣ ፍሬን ሳይነካ፣ ሳይሸት ትወርዳለች። አርባ ሁለት። ጋሽ ፍሥሐ የሚሆኑት ጠፋቸው። አርባ ሦስት። ይህ ተራራ ስንት ዘመን ሲሰጥ ኖሮ እኔ ነኝ አልቀበልም ያልኩት እያሉ፣ እየሳቁ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ላንድሮቨሯን አነሱ፣ ፔጆውን አነሱ፤ እነዚያ ሁሉ ቁልቁለቶች የት ሄዱ እያሉ ለሰብለ ያወራሉ። አርባ አራት። ወሬው ደመቀ፣ መንገዱ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ።

አርባ አራት።

ጋሽ ፍሥሐ ሰሌዳውን አዩ። አረንጓዴው መስመር የለም። መኪናዋ ቀለል ብላ፣ እንደ ወፍ እየወረደች ነው። ዝቅ ብለው አዩ። ቀኝ እጃቸው ማርሿ ላይ ነው፤ ነፃ አውጥቷታል። መቼ እንዳወጣት አያውቁም። ሰብለም አይታዋለች።

ማርሹን መልሰው ዳር ያዙና አቆሟት። እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩት።

«ሰብልዬ፣ አንቺ ንጂ» አሉ።

ሰብለ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ከከተማ ወጥታ ግን ነድታ አታውቅም። እፈራለሁ አለች። ፍሪ፣ ጥሩ ነው፣ እጅሽ ገና ምንም አልለመደም አሏት። ወርደው በፊት በኩል ዞሩ፤ እሷም ወርዳ ዞረች፤ መሃል ላይ ተላለፉ። ጋሽ ፍሥሐ በተሳፋሪው ወንበር ገብተው በሩን ዘጉ። ቀበቶውን ሊስቡ እጃቸው ወደ ግራ ትከሻቸው ሄደ፤ የለም። ደግመው ዳበሱ፤ የለም።

«በቀኝህ ነው አባዬ» አለች ሰብለ፣ ተንጠራርታ ሳበችና አሰረችላቸው።