ከወዲህ ጭቃ፣ ከወዲያ አቧራ

ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጓሮ ውስጥ የላስቲክ ቤት ሠርተን ቲማቲም ስንጀምር ሥራውን ተካፈልን፤ ውሃው የእሳቸው፣ ተክሉ የእኔ። በእኛ አገር ብርድ ቲማቲም ደጅ ላይ አይቀናውም። ላስቲኩ ያሞቀዋል፤ ከታንከሩ የሚወርዱት ቀጫጭን ጎማዎች ደግሞ በየእግሩ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉለታል።

ፍሬው መቅላት ሲጀምር ታንከሩ አጠገብ ያለው አፈር ስረግጠው ይሰምጥ ጀመር። አንዱን ተክል ብነቅለው ሥሩ በስብሶ ጣቶቼ መካከል ተላጠ፤ ይገማል። ወዲያ ጫፍ ያለው መደብ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ቅጠሉም ተጠቅልሏል።

"ጋሼ፣ ውሃው እኩል አይደርስም" አልኳቸው።

"አብዝተሽ ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ጭቃው ባሰ እንጂ አቧራው አልረጠበም።

አንድ ረፋድ ላይ የደረቀውን ጫፍ ጎማ ፈታሁና፣ ተደፍኖ እንደሆነ ብዬ በአፌ ሳብኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ለብ ያለ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር መጥቶ ምላሴ ላይ ተዘረጋ። ተፋሁት። ደግሜ ተፋሁ። ጥርሴ መካከል የቀረውን በጥፍሬ ሳወጣው ፀጉር ነው።

ታንከሩ ላይ ወጣሁ። ክዳን የለውም። አረንጓዴው ዝቃጭ መሐል አይጥ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፀጉሯ እየረገፈ ተንሳፍፋለች። ጮኼ ጠራኋቸው። መጡና ከታች ሆነው ሽቅብ አዩኝ።

"እሷ እኮ ቆይታለች" አሉ፣ እንደ ዋዛ።

"ያውቁ ነበር?"

"በክዳኑ በጎቹ ውሃ ይጠጡበታል። ጎማዎቹ መግቢያ ላይ የነበረውን ወንፊትም እየተደፈነ ቢያስቸግረኝ አወጣሁት። ምን አለበት? የሚጠጣው ቲማቲሙ ነው፣ አንቺ አይደለሽ።"

"ባለፈው እርስዎ ለልጆቼ የላኩትን ቲማቲም በምን አጠቡት?"

ወደ በጎቹ ዞሩ። አንቱታው አፌ ላይ መረረኝ።

ታንከሩን ከባለቤቴ ጋር ደፋነው፤ እሱ አፍንጫውን በነጠላዬ አስሮ፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ፋቅነው። የጎማዎቹን ጫፍ ሁሉ ከፍተን ውሃ ስንለቅባቸው ጥቁር አተላ እየተጎለጎለ ወጣ። አዲስ ወንፊት አስገባን፤ ታንከሩን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሰቀልነው፤ ውሃው ከመደቡ ጫፍ ሳይሆን ከመሐሉ ገብቶ ወደ ሁለቱም ጎን እንዲሄድ አደረግን። ከቀናት በኋላ ጣቴን ከዚህም ከዚያም አፈር ውስጥ ስከት እርጥበቱ አንድ ዓይነት ነበር። የተረፈው ተክል አገገመ፤ ገበያም አላሳፈረንም።

"አየሽ፣ ማንም አልሞተም" አሉኝ ጋሼ፣ አንዱን ቲማቲም በእጃቸው ጠረግ አድርገው እየገመጡ። ጭማቂው በአገጫቸው ሲወርድ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃውን እኔው ያዝኩት።

ለፋሲካ ቤታቸው ጠሩን። ጎርሼ እጄን ሳልሰበስብ ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ፤ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር አረንጓዴ ነገር አየሁ። ጨጓራዬን አመመኝ ብዬ ተነሣሁ።