ወተቱ ይቀራል ወይ

መርሳ ከተማ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ሰው ወተት ይጠጣል። የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ግን እኔ በምሠራበት የብረት በርና መስኮት ቤት ከዚህ የበለጠ የሚከበር ደንብ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ከግራና መንደር የሚመጡ አንዲት እናት ወተታቸውን በጀሪካን ይዘው ብቅ ይላሉ። ጋሼ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት አንድ ጆግ ያስቀዱና ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ፣ ከቀለም ማቅጠኛው ከቲነር ቆርቆሮ ጎን ያስቀምጡታል። ቀቢው ይጠጣሉ፣ በያጁም ይጠጣል። ወተት የቀለሙን ብናኝና የብየዳውን ጭስ ከደረት ጠራርጎ ያወርዳል ይባላል። የእኔ ሥራ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ስለሆነ ድርሻ የለኝም። ገና በገባሁ ሰሞን ጋሼ፣ "ያንቺ አቧራ ነው፤ ለአቧራ ውሃ ይበቃል" ብለው ወሰኑ። እኔም ውሃዬን እጠጣለሁ።

ችግር ያለው ረቡዕና ዓርብ ነው። ቀቢያችን ጠጉራቸው የሸበተ፣ ጾም የማያፈርሱ ሰው ናቸው። በጾም ቀን ወተት አይነኩም፣ ቀለም መርጨት ግን አይተዉም። ለዚህም መላ ተገኝቶለታል፤ ሚስታቸው ተልባ በጥብጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይልኩላቸዋል። የወተት ድርሻቸውን በያጁ ይወስዳል። እሱ ሙስሊም ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አያግደውም፤ እንዲያውም ከሳምንቱ ቀን ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ይወዳል።

"አያ፣ ዛሬ ሳንባዎ በተልባ ነው የሚሠራው" ይላቸዋል ጆጉን እያነሳ።

"ያንተንም በረመዳን እናየዋለን። ያን ጊዜ ደረትህን ማን እንደሚጠርግልህ።"

"አላህ ይጠርገዋል።"

"እሱ የሚጠርገው ከሆነ ወተቴን መልስ።"

በያጁ ግን ጠጥቶ ጨርሷል።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ወልዲያ ያለ አንድ ኮሌጅ ስምንተኛን የጨረሰ ሰው ስለ ሥራ ደኅንነትና ስለ አደጋ ስጋት በርቀት መማር ይችላል ሲል ሰማሁና ተመዘገብኩ። ቤተሰቦቼ ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩት ሲጠይቁኝ፣ ጥሩ ሥራ ያስገኛል አልኳቸው። ሐሰት አይደለም። ግን ልቤን የማረከው "በርቀት" የሚለው ነበር። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ተነሺና መልሺ ሳይለኝ፣ ሞጁሌን ይዤ ጓዳ ገብቼ የምማረው ትምህርት መስሎኝ ነበር።

ዓይነ አፋርነቴን የማያውቅ ሰው ስላለ ይህን ልናገር። ኮሌጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልዲያ እየጠራ ሞጁሉን ያብራራልናል። ከዚያ ስመለስ ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ሲገባ "ወራጅ አለ" ማለት አለብኝ። ድምፄ አይወጣም። ሌላ ወራጅ ካለ ከእሱ ኋላ ተከትዬ እወርዳለሁ። ከሌለ ግን ዝም ብዬ ውርጌሳ ድረስ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሁሉም ሲወርድ እወርድና መልሼ ሌላ መኪና እይዛለሁ። ውርጌሳ ዘመድ ያለኝ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

ጋሼ ቅዳሜን የፈቀዱልኝ በቀልድ መሐል ነው። "ተማሪ፤ ካለፍሽ የዚህ ቤት የደኅንነት ኃላፊ አደርግሻለሁ፣ ብርጭቆ ወረቀትሽን ለሌላ ሰው ትሰጪያለሽ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ከወደቅሽ ግን ቅዳሜዬን ትመልሺልኛለሽ" አሉ። በያጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊ እያለ ይጠራኝ ጀመር። ቀቢው ብቻ እንደ ድሮው እታለም ይሉኛል።

የመጀመሪያው ሥራችን በምንሠራበት ቦታ ያለውን አደጋ፣ አሁን ያለውን መከላከያና መሻሻል ያለበትን ጽፎ ማምጣት ነበር። እኔም ያየሁትን በታማኝነት ጻፍኩ። አደጋው የቀለም ብናኝ ነው። አሁን ያለው መከላከያ ወተት፣ በጾም ቀን ተልባ ነው። መሻሻል ያለበት የሚለው ቦታ ላይ ብዙ አሰብኩና፣ "ተልባው ቀጠን ስለሚል ወፈር ቢደረግ" ብዬ ጻፍኩ።

አስተማሪያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ለክፍሉ አነበቡት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የእኔ መሆኑ እንዳይታወቅ አብሬ ሳቅሁ። ስንወጣ ግን በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"ወተት በየት በኩል ይገባል?" አሉኝ።

"በጉሮሮ።"

"ወዴት ይሄዳል?"

"ሆድ።"

"የቀለሙ ብናኝስ?"

"በአፍንጫ... ሳንባ።"

"የት ላይ ነው ታዲያ የሚገናኙት?"

አስተማሪዋ አልሳቁብኝም። የመጨረሻው ፈተና በጽሑፍ እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ እሳቸው ራሳቸው መርሳ ድረስ ይመጣሉ፣ እኔም እሳቸው ባሉበት ለሠራተኞቹ በአፌ ማስረዳት አለብኝ፣ አንዱ አደጋም ትክክለኛ መከላከያ ሲደረግለት ማየት አለባቸው። ይህ ካልሆነ ማለፍ የለም። ያን ቀን ውርጌሳ እስክደርስ ስለ ወራጅ አላሰብኩም።

ሰኞ ዕለት ጋሼን ብቻቸውን አግኝቼ ክብ ክብ ማጣሪያ ስላለው ማስክ በትንሽ ድምፅ ነገርኳቸው። ሞጁሉ ላይ ያለውን ሥዕልም አሳየኋቸው። ሥዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ "ይህ ከመጣ ወተቱ ይቀራል ወይ?" አሉኝ።

ምን ልበል። ይቀራል ብል ሰዎቹን አስቀየምኩ፣ አይቀርም ብል ማስኩን አይገዙልኝም ብዬ ሰጋሁ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው እሺ ያልኩ ይመስለዋል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስቸገረኝ ይኸው ነው። ጋሼ እንደተስማማን ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረቡዕ ማስኮቹ ከደሴ በሚመጣ መኪና ደረሱ። ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ወተት የሚያመጡትን እናት ከበር መለሷቸው።

ከመሄዳቸው በፊት እኔ ወዳለሁበት መጥተው ቁልቁል አዩኝ። "ልጄ፣ ላሜ ምን አደረገችሽ?" አሉኝ። ከዚህ የከበደ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም።

ማስኮቹ ምስማር ላይ ተሰቀሉ። የለበሳቸው የለም። ቀቢው አንዱን አውርደው ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ አንጠለጠሉት። "ብናኙን የምታመጣው እሷ ናት፤ እሷ ትልበሰው" አሉ። በያጁ ደግሞ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"ኃላፊ፣ ደረቴ ደርቋል።"

"ማስኩን አድርገው" አልኩት፣ ለራሴ እንኳን በማይሰማ ድምፅ።

"ማስክ ይጠጣል እንዴ? ወላሂ፣ በረመጥ ላይ ውሃ የሚያፈስ እንጂ ወተት የሚያስቀር ትምህርት አለ ብዬ አላውቅም።"

ከጥላቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወተቱ ቁርሳቸው ነበር። በየቀኑ ጆጉን ከበው የሚቀልዱባት ያቺ ጥቂት ጊዜ አብራ ቀረች። ቤቱ ዝም ያለ ሆነ፤ ዝምታ ለምወድ ለእኔ እንኳን ከበደኝ።

አስተማሪዋ የመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ጋሼ ወንበር በጨርቅ ጠርገው አስቀመጧቸው። ቀቢው ለሲሪንቃ ሰው የተሠራ ቀይ በር ሊረጩ ዝግጁ ነበሩ፤ አፋቸው ላይ ምንም የለም። በያጁ ጥቁር የፀሐይ መነጽሩን አድርጎ ቆሟል። ከማስኮቹ አንዱ ኮምፕሬሰሩ ላይ፣ ሌላው ምስማሩ ላይ ነው። አስተማሪዋ ዙሪያውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ጀምሪ" አሉኝ።

ሌሊቱን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ብርጭቆ ወረቀቱን እጄ ውስጥ እያሻሸሁ ቆምኩ። ጋሼ ሊያግዙኝ ብለው፣ "የኛ ልጅ ጎበዝ ናት። በእሷ ምክር ማስክ ገዛን፣ ወተቱንም አስቀረን" አሉ።

ቀቢው ወደ መሬት አዩ። "እውነት ነው። መከረች" አሉ በቀስታ።

እንግዲህ ዝም ብል ለሁለተኛ ጊዜ እሺ ማለቴ ነው። ቅዳሜዬ ትዝ አለኝ፣ የሴትዮዋ ላምም ትዝ አለችኝ። "ጋሼ፣ ወተቱ አይቀርም" አልኩ። ድምፄ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሲመለስ ሰማሁት። የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ምን አልሽ?"

"ይቅር አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።"

"ዝም ማለትሽ እሺ ማለት አልነበረም?"

"አልነበረም ጋሼ። ፈርቼዎት ነው።"

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። አንዴ ከጀመርኩ መቆም ስላቃተኝ ቀጠልኩ። ወተት በጉሮሮ ሆድ እንደሚገባ፣ ብናኙ ደግሞ በአፍንጫ ሳንባ እንደሚገባ፣ ሁለቱ መንገዳቸው እንደማይገናኝ ነገርኳቸው። ወተቱ ቁርስ ነው፣ ማስኩ መከላከያ ነው፤ አንዱ መጣ ተብሎ ሌላው የሚባረርበት ምክንያት የለም አልኩ።

"ተልባስ?" አሉ ቀቢው።

"ተልባም ሆድ ነው አያ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያወርድልኝ የኖረው ምንድን ነው?"

"ድርቀቱን ነዋ" አለ በያጁ።

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ በእንግዳ ፊት ወተት የከለከሉ ሰው ሆነው መገኘታቸው አልጣማቸውም። ወደ በሩ ብቅ ብለው፣ ገና ከገበያው ያልራቁትን ወተት ሻጭ አስጠሩ። "ይቀዳ። ለእንግዳዋም ጭምር" አሉ፣ ሲጀመርም የማንም ሐሳብ እንዳልነበረ ሁሉ።

ወተቱ ተቀዳ፣ ጆጉም የለመደበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። አስተማሪዋ የቀረበላቸውን ብርጭቆ ይዘው ምንም ሳይናገሩ አንዴ ጆጉን፣ አንዴ የቲነር ቆርቆሮውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ገባኝ። ሄጄ ጆጉን አነሳሁና ግቢው ማዶ ባለው መስኮት ላይ ክዳን አድርጌ አስቀመጥኩት። ይህን ያህል ጊዜ ከጎኑ ስፈገፍግ ስውል ወተቱ ከቲነር ጋር መጎራበቱን እንደ አደጋ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቀቢው ማስኩን ከኮምፕሬሰሩ ላይ አወረዱ። አገላብጠው፣ ሪዛቸውን አስተካክለው ለበሱት። በያጁ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የሳቸውን ዓይን አየና ተወው። በሩን ረጩ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ፤ አየሩም ቀላ። ሲጨርሱ ማስኩን አውልቀው ማጣሪያውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጠዋት ነጭ ነበር። አሁን የበሩን ቀለም መስሏል።

ብዙ አዩት። "ይህ እስከ ዛሬ የት ነበር የሚገባው?" አሉ።

በያጁ ሄዶ የራሱን ከምስማሩ አወረደ።

አስተማሪዋን ሚኒባስ እስኪያገኙ ሸኘኋቸው። ቅዳሜ መጥቼ ወረቀቴን እንድወስድ ነገሩኝ፤ ማለፌን ያወቅሁት ከዚህ ነው። መኪናው ሲመጣ አንድ እግራቸውን አስገብተው፣ "አሁን ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ስትመለሺ ውርጌሳ እንዳትሄጂ" አሉኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የሚኒባሱ ረዳት ፊቱን አዞረ።

ወደ ግቢው ስመለስ ጋሼ ቃላቸውን አስታወሱ። የደኅንነት ኃላፊ መሆኔን ለሁሉም ተናገሩ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን የሚረከበኝ ሰው እስኪገኝ ግን እኔው እንድፈገፍግ። ለእኔም ማስክ እንዲመጣ አዘዙ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ኃላፊ ሆኖ ውሃ መጠጣት ደግሞ ደስ አይልም። ከነገ ጀምሮ አንቺም የወተት ድርሻ አለሽ" አሉኝ።

ነገ ዓርብ ነበር። እኔም እጾማለሁ።

በማግስቱ ቀቢው ማስካቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ተልባቸውን ሲጠጡ፣ ለእኔም በክዳኑ ቀዱልኝ። በያጁ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ በመጀመሪያ የሳቸውን፣ ቀጥሎ የእኔን ድርሻ ጠጣ፤ አፉንም በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"አልሃምዱሊላህ" አለ፤ "ትምህርት እንዲህ ነው እንጂ።"