ፋጉሎ በኪሱ የሚይዘው ዶክተር

ዶክተሩ ዘይት ፋብሪካችን የመጣ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። የሩሲያ ጫማ፣ ጥቁር፣ ወፍራም።

«ይኸ ሰውዬ በጫማው ጣናን ቀዝፎ ዘጌ ሊሻገር ነው እንዴ?» አልኋት ጓደኛዬን።

እሷ አልሳቀችም። ጓደኛዬ በሰው ጫማ ካልሳቀች ነገር አለ ማለት ነው።

አለቃችን ሰበሰበን። «ይኸ የሳይንስ ዶክተር ነው። ሩሲያ ተምሮ ጨርሶ መጥቷል። ኮሌጅ ገብቶ ከማስተማሩ በፊት እኛ ዘንድ ሥራ ይለማመዳል። የጠየቃችሁን ንገሩት» አለ።

«ዶክተር ሆኖ ይለማመዳል?» አለች ጓደኛዬ በጆሮዬ። «እኛ ፊደል ያልቆጠርነው እንኳ በአንድ ጠዋት ለመድነው እኮ!»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ሊሰማ አይደል የመጣው!»

እዚህ ላይ ያን ጊዜ የነበርሁበትን ጭንቅ ልንገራችሁ። ሥራዬ በርሜል ላይ ነበር። ኑጉ መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ተጨፍልቆ ዘይቱ በቱቦ ሲወርድ፣ እኔ አጠልላለሁ፣ ሲሞላ እከድናለሁ፣ ሌላ በርሜል አስጠጋለሁ። ሌላ ጥበብ የለውም። ታዲያ የዚያን ሰሞን ዘይት ጎደለ ተባለ። የሚገባው ኑግ ያው ነው፤ የሚወጣው ዘይት ግን አነሰ። የፋብሪካችን ካድሬ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ይኸ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! አሻጥረኛው እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል!» ብሎ ጮኸ። ሲጮኽ ዓይኑን የተከለው እኔ ላይ ነው። በማን ላይ ይትከል? ዘይቱ እንደሆን በእጄ ነው የሚያልፈው።

ባሌ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ጡት መጣሏ ነው። በአሻጥር የተያዘ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እኔ ከገባሁ ልጆቼ ደጅ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ዶክተሩ ከነጫማው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ምን ልበል? እኔን ሊሰልል የተላከ ነው አልሁ፣ አበቃ።

አመጣጡም አያምርም። ሲያወራ ሰው ያያል ወይ? አያይም። መጭመቂያውን በእጁ ይነካና አቃጥሎት ይሸሻል። እንደገና ይነካል። በርሜሌ ላይ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። አንድ ቀን፣

«እትዬ፣ ዘይቱ የበለጠ የሚወርደው ጠዋት ነው ከሰዓት?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር? እኔ የቆምሁት እንዳይፈስ ነው» አልሁት።

«ገባኝ» አለና ሄደ። ምኑ ነው የገባው? ምንም አልነገርሁት! ቤቴ ገብቼ ስገላበጥ ያደርሁት በዚያች «ገባኝ» ነው።

ሥራ ስንለቅ ደግሞ እጃችን ላይ የቀረውን ዘይት ፀጉራችን ላይ ማበስ የሁላችንም ልማድ ነበር። የዘይት ፋብሪካ ሴት ገበያ ውስጥ በጉንጉኗ ትታወቅ ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍብን እንደ ሐይቁ ነው የምናብረቀርቅ። ታዲያ ዶክተሩ አንድ ማታ በር ላይ ጉንጉኔን ትክ ብሎ አየው። ወንድ ሴትን እንደሚያይ አይደለም፤ እሱንማ አውቀዋለሁ፣ ያን ጊዜ ቆንጆ ነበርሁ። ዕቃ እንደሚያይ ነው ያየኝ። በማግስቱ በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ፣ በሻሽ ጠፍሬ መጣሁ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለች ጓደኛዬ።

«እኔ» አልኋት።

ከሁሉ የባሰው ግን ፋጉሎው ነው። ፋጉሎ ማለት ኑጉ ዘይቱን ሰጥቶ ሲያበቃ የሚቀረው አሰር ነው፤ ለከብት መኖ ይሸጣል። ዶክተሩ ከመጭመቂያው ሥር ፋጉሎ ቆርሶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ያውም አንድ ቀን አይደለም። በር ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ እንኳ ኪሱን ዳብሶ ግራ ገባው።

«ዶክተር፣ ይኸ ምንድነው?»

«ፋጉሎ።»

«ፋጉሎ ምን ያደርግልዎታል?»

«አየዋለሁ።»

ዘበኛው አሳለፈው። ምን ያድርግ፣ የሚበላ ቢሆን ይይዘው ነበር።

«ኪራይ ቤቱ ውስጥ ላም ደብቆ ይሆናል» አልኋት ጓደኛዬን።

«ላም የለውም። ጠይቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።»

«ፋጉሎና ቤንዚን ምን አገናኛቸው? ሊያቃጥለን ነው እንዴ?»

«አንቺን ነው የሚያቃጥል፣ እቴ። ከመጭመቂያሽ ሥር የሚወርደውን እየሰበሰበ ማስረጃ ያደርግብሻል። በይ ስሚኝ፣ ማንነቱን እኔ አሳይሻለሁ። ዓርብ ቅቤ አቅርቢለት።»

«በጾም?»

«በጾም ነዋ! ካድሬ ጾም የለውም። የእነሱ ከሆነ እያየሽ ይበላዋል፤ ሰው ከሆነ ይተወዋል።»

«ከበላውስ?»

«ከበላውማ ልጆችሽን ይዘሽ ቅዳሜ በታንኳ ዘጌ እናትሽ ዘንድ ነው። ቡና ጫካው መሐል ማን ያገኝሻል?»

ጓደኛዬ እንዲህ ስታወራ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ያልገባች አትመስልም፤ የጦር አዛዥ ነው የምትመስል። ተስማማሁ።

ዓርብ ለትንሿ ልጄ ቅቤ የገባበት ሽሮ ሠራሁ፤ ሕፃን ጾም የለባትም። ከሷ ላይ ቀንሼ በምሳ ዕቃ ያዝሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሩ ዋርካው ሥር ብቻውን ደረቅ ዳቦ ይገምጣል። ሄድሁና፣

«ዶክተር፣ ዳቦ ብቻውን ጉሮሮ ይቧጥጣል። እንኩ ሽሮ ይቅመሱ» አልሁት።

ከፈተው። የእኔ ቅቤ ደግሞ ዝም የሚል ቅቤ አይደለም፤ ኮሰረቱ ገና ክዳኑ ሲነሣ ስሙን ይናገራል። ዶክተሩ ቀጥ አለ። እኔን አየኝ። ጓደኛዬን አየ፤ እሷ ዋርካው ላይ ወፍ የምታይ መስላ አንጋጣለች። ቢሮውን አየ፤ ካድሬው በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ከዚያ በላ። በላ ከማለት ዋጠ ማለት ይሻላል። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ ሳያኝክ፣ አንድ ሳያስቀር ጠረገው።

«እግዜ...» አለና አሳለው። «አመሰግናለሁ፣ እትዬ። በጣም ይጣፍጣል።»

ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዤ ተመለስሁ።

«በላው?»

«ላሰው።»

«ልብስሽን ቋጥሪ» አለች።

ቋጠርሁ። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ዳር ብወርድ ጣና ተቆጥቷል። ታንኳ ቀዛፊው ማዕበሉን አሳየኝና፣ «ዛሬ ከወጣሁ ዓሣ ነው የሚበላን፣ እታለም» ብሎ ቁጭ አለ። እሑድም ያው። ሰኞ ሥራ ብቀር ሌባነቴን በገዛ እግሬ መሰከርሁ ማለት ስለሆነ ሄድሁ። ገና ስገባ ስብሰባ ተጠራ።

ካድሬው ተነሣ። «ዛሬ አሻጥረኛውን እናጋልጣለን። ጓድ ዶክተር ሥራችንን ሲመረምሩ ሰንብተዋል። ጓድ፣ ይናገሩ። ጥርጣሬዎ ማን ላይ ነው?»

ዶክተሩ ተነሣ። ከግቢው ሰው ሁሉ የሚንቀጠቀጠው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የሱም ሱሪ ይንቀጠቀጣል።

«መጭመቂያው ላይ» አለ።

«መጭመቂያው ላይ የሚሠራው ማነው?» አለ ካድሬው።

«ሰው አይደለም። መጭመቂያው ራሱ ነው።»

ከኮቱ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። ወርቅ የመሰለ የኑግ ዘይት። «ይኸን ያወጣሁት ከፋጉሎ ነው። በየቀኑ ከመጭመቂያው ሥር እየወሰድሁ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቤንዚን እያጠብሁ ዘይቱን ለየሁት። የመጭመቂያው ብረት አልቋል፤ ኑጉን አያጠብቅም። ዘይታችሁን ይዞ የሚወጣው ፋጉሎው ነው። የሰረቀ ሰው የለም።»

«የይፋግ ገበሬዎች ፋጉሏችሁ ከብት ያወፍራል እያሉ የሚሻሙት ለካ ለዚህ ነው!» አለ ዘበኛው ከኋላ።

ካድሬው ግን ሌባ ፈልጎ ብረት አይበቃውም። «ይኸን ያህል ጊዜ ታዲያ ለምን ዝም አልህ?» አለ። እርስዎው ቀረ፣ አንተ መጣ።

«እርግጠኛ ሳልሆን ተናግሬ ሰው ይታሰር?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «ፈትታችሁ እዩት። ብረቱ ካላለቀ እኔን እሰሩኝ።»

ተፈታ። ብረቱ እንደ አሮጊት ጥርስ ተበልቷል፤ እንደ አሁኑ እንደ እኔ ጥርስ።

«በሉ ጓድ መጭመቂያን እሰሩት» አለች ጓደኛዬ በሹክሹክታ። እኔ ግን ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም፤ በርሜሌ ላይ ተደግፌ ሻሼን ፈታሁ፣ ማልቀሻ ቢጤ ፈልጌ።

ሰው ሲበተን ዶክተሩ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ዓርብ ዕለት ቅቤ ለምን አበሉኝ?»

«አንተስ ለምን በላህ?» አልሁት። እኔም እርስዎውን ጣልሁት።

«ካድሬው የላከዎት መስሎኝ ነዋ! ውጭ የተማረ ሰው ይጠረጠራል። ከፋብሪካው ጥሩ ቃል ካላገኘሁ ኮሌጁ አይቀበለኝም። ብተወው ‹ጾመኛ ነው፣ አድኃሪ ነው› ብለው የሚጽፉብኝ መሰለኝ። እኔ የእንፍራንዝ ቄስ ልጅ ነኝ፣ እትዬ። ሩሲያ በዚያ ብርድ እንኳ ዓርብን ድንች በጨው በልቼ ነው የኖርሁ።»

«እኔ ነኝ የምጽፍብህ? በምኔ? ስሜን እንኳ በጣቴ ነው የምፈርም!»

«ጽሕፈት እንደማያውቁ በምን ልወቅ? ሥራ ላይ ዓይንዎ አይነቀልብኝም ነበር።»

«ጉንጉኔንስ ለምን አፈጠጥህበት?»

አፈረ። «ዘይቱ በደንብ ተጣርቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ከብርጭቆ ይልቅ ፀጉርዎ ላይ ይለያል።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ስፈራው የከረምሁት።

አዲስ ብረት መጣ፣ ዘይቱ እንደ ድሮው ወረደ፣ ካድሬውም ሌላ የሚያፈጥበት አገኘ። ዶክተሩ ልምምዱን ጨርሶ ኮሌጅ ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻዋ ዓርብ ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ።

«ሽሮ ነው። በራሴ እጅ የሠራሁት፣ በእናንተው ዘይት» አለኝ።

ክዳኑን አንሥቼ አሸተትሁ። የኑግ ዘይት ነው፤ ቅቤ አይሸትም። ደግሜ አሸተትሁ። ጓደኛዬም መጥታ አሸተተች።

«በል አንተ ቅመስ መጀመሪያ» አልሁት።

«እትዬ! እስከዛሬ አላመኑኝም?»

«አምኜሃለሁ። ቅመስ።»

እየሳቀ ጎረሰ። አፉን ከፍቶ እስኪያሳየኝ ድረስ ምሳ ዕቃውን አልተቀበልሁትም።